የጠላቂ ሰዓት፦ 41 ሚሜ ለ16.5 ሴንቲ አንጓ ይበዛል? ሰብማሪነር ወይስ ብላክ ቤይ 58?

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ዱባይ ነው። አንድ ጥሩ የጠላቂ ሰዓት ገዝቼ ለዓመታት ልይዘው አስቤ ሁለቱ ላይ ቆሜያለሁ፦ የሮሌክስ ሰብማሪነር 126610 ባለ 41 ሚሜ እና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የቱዶር ብላክ ቤይ 58 ባለ 39 ሚሜ። የእጄ አንጓ ዙሪያው 16.5 ሴንቲ ነው።

ግራ ያጋባኝ የሰው አስተያየት ነው። ስለ ሰብማሪነሩ አንዱ «እጅ ላይ ሳህን ይመስላል» ይላል፣ ሌላው «ከድሮው ባለ 40 እንኳ አንሶ ይታያል» ይላል። ስለ ብላክ ቤዩም «ለቀጭን እጅ የተሠራ ነው» የሚልም «ይረዝማል» የሚልም አለ። ዕቃው አንድ ሆኖ አስተያየቱ እንዴት እንዲህ ይራራቃል? ሱቅ ከመግባቴ በፊት ቤቴ ውስጥ ምን መለካት እችላለሁ? ሱቅ ስገባስ ምን ልይ?

መልስ፦ ሚሊሜትር

ወንድሜ፣ ሁሉም ያሉህ እውነት ነው። የሚናገሩት ግን ስለ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳቸው አንጓም ጭምር ነው። የእጁን ልክ ሳይጽፍ «ይበዛል» ወይም «ልክ ነው» የሚልህን እለፈው። 19 ሴንቲ አንጓ ያለው ሰው «ልኬ ነው» ቢል አንተን አይመለከትህም።

41 እና 39 የሚባለው መሙያው (በጎን ያለው ማዞሪያ) ሳይቆጠር ያለው ስፋት ነው። እጅ ላይ መቀመጥ አለመቀመጡን የሚወስነው ግን ርዝመቱ ነው፤ ማለትም ማሰሪያው ከሚያያዝባቸው ከላይኞቹ ላጎች ጫፍ እስከ ታችኞቹ ጫፍ ያለው። ሰብማሪነር 126610 ላይ ይህ ርዝመት 48 ሚሜ ገደማ ነው። ብላክ ቤይ 58 ላይም 48 ገደማ ነው። በስፋት 2 ሚሜ ይለያያሉ፣ በርዝመት ግን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። «ይረዝማል» ያለህ ሰው ያየው ይህንን ነው። ተቃራኒውን ማየት ከፈለግህ የሴይኮ ኤስኬኤክስ 007ን ውሰድ፦ ስፋቱ 42.5 ሆኖ ርዝመቱ 46 ብቻ ስለሆነ ቀጭን እጅ ላይ በሚገርም ሁኔታ ይመቻል። የኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ደግሞ ስፋቱ 42 ሆኖ ርዝመቱ 50 ገደማ ነው፤ ላጎቹ ተጠማዝዘው ወደ ታች ስለሚወርዱ ቁጥሩ የሚያስፈራውን ያህል አይረዝምም።

ስለዚህ የአንጓህን ዙሪያ ማወቅ አይበቃህም። 16.5 ሴንቲ ዙሪያ ያለው አንዱ አንጓ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፣ ሌላው ክብ ነው። መዳፍህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ፣ ከአንጓው አጥንት ወደ ክርንህ በኩል ጣት ያህል ራቅ ብለህ፣ ሰዓት በምታስርበት ቦታ ስፋቱን በካሊፐር (ሁለት መንጋጋ ባለው መለኪያ) ለካ። ቆዳውን አትጫነው። ካሊፐር ከሌለህ ከግራና ከቀኝ ሁለት ክብሪት አቁምና በመካከላቸው ያለውን በማስመሪያ ለካ። ከዚያ ከወፍራም ካርቶን 48 ሚሜ ርዝመት ያለው ቁራጭ ቆርጠህ አንጓህ ላይ በአግድም አስቀምጥ። ካርቶኑን አትጠፍ፤ ብረት አይታጠፍምና። ከላይ ቀጥ ብለህ ስታየው ጫፎቹ ከእጅህ ጠርዝ ካለፉ ሰዓቱ እጅህ ላይ ድልድይ ይሠራል፣ ማሰሪያውም ከጎን ክፍተት ትቶ ይወርዳል። በሁለቱም በኩል ቢያንስ 2 ሚሜ ቆዳ ከታየ ጥሩ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ የብረት ማሰሪያ የመጀመሪያው ፍሬው (ማሰሪያው የተሠራበት ቁራጭ) ከላጉ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አይታጠፍምም። ያኔ እውነተኛው ርዝመት ሻጩ ከጻፈው በ3 ወይም 4 ሚሜ ይበልጣል። በእጅህ ይዘህ ማሰሪያው መታጠፍ የሚጀምርበትን ቦታ ተመልከት፤ መለካት ያለብህ እዚያ ድረስ ነው።

መልስ፦ የቆየ ሰው

«ከድሮው ባለ 40 አንሶ ይታያል» የሚለው አባባል መነሻው እንዲህ ነው። እስከ 2020 ይሸጥ የነበረው ሰብማሪነር 116610 በወረቀት 40 ሚሜ ነው፣ ላጎቹ ግን በጣም ወፍራም ስለነበሩ ሰዓቱ አራት ማዕዘን ይመስል ነበር። የማሰሪያው ስፋት ደግሞ 20 ሚሜ ነበር። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. 126610 ሲመጣ ስፋቱ ወደ 41 ከፍ አለ፣ ላጎቹ ግን ቀጠኑ፣ ማሰሪያውም 21 ሚሜ ሆነ። ዓይን የሚያየው ጠቅላላውን የብረት ብዛት ነው። ላጉ ሲቀጥንና ማሰሪያው ሲሰፋ ሰዓቱ ወደ ማሰሪያው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ጭንቅላቱ (ፊቱ ያለበት አካል) ብቻውን ጉብ ብሎ አይቀርም። ስለዚህ ብዙ ሰው አዲሱን ባለ 41 ከአሮጌው ባለ 40 ይልቅ ቀጭን አድርጎ ያየዋል፤ እኔም ትክክለኛው ፍርድ ይህ ነው እላለሁ። በቁጥር ብቻ ፈርደው «ሮሌክስ ሰዓቱን አሳደገው» ያሉት ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስሩ ሐሳባቸውን ይለውጡ ነበር።

በፊቱ ዙሪያ የሚሽከረከረውን ቀለበትም አትርሳ። ወፍራም ቀለበት የፊቱን ቦታ ስለሚወስድ የጠላቂ ሰዓት በስፋት እኩል ከሆነ ቀጭን ቀለበት ካለው የአዘቦት ሰዓት አንሶ ይታያል። ጥቁር ፊት ያሳንሳል፣ ነጭ ፊት ያሰፋል።

መልስ፦ ካቻቪቴ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ማሰሪያው ልጨምር። «ይበዛብኛል» የሚባለው ቅሬታ በብዛት የሚመጣው ልኩ ካልተስተካከለ ማሰሪያ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያስሩልህ ሰዓት ፍሬው ሁሉ አልተቀነሰም። ሲላላ ጭንቅላቱ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይንሸራተታል፣ መሙያው የእጅህን ጀርባ ይወጋል፣ አንተም «ትልቅ ነው» ብለህ ትወጣለህ። ሻጩ ከመዳፍ በኩል ማሰሪያውን በጣቱ ሰብስቦ እንዲይዝልህ ጠይቀው፣ ከዚያ ፍረድ።

ዱባይ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ሞል ውስጥ ባለው ብርድ አንጓ ይሰበሰባል፣ ውጭ ሙቀቱ ላይ ያብጣል። ብርድ ውስጥ ተጠግቶ የተለካ ማሰሪያ መኪና ማቆሚያው ላይ ያንቅሃል። ስለዚህ ያለ መሣሪያ የሚስተካከል መቆለፊያ ላንተ ትልቅ ጥቅም አለው። የሰብማሪነሩ መቆለፊያ፣ ግላይድሎክ የሚባለው፣ በ2 ሚሜ፣ በ2 ሚሜ እስከ 20 ሚሜ ይሄዳል። የኦሜጋውም ቁልፉን ተጭነህ ይረዝማል። በ2018 የወጣው ብላክ ቤይ 58 ግን በመቆለፊያው ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ብቻ ነው፣ ለዚያም ሹል መሣሪያ ያስፈልጋል። ቱዶር ራሱ ኋላ ባመጣው ቲ-ፊት መቆለፊያ ይህን አስተካክሎታል፦ 5 ቦታ፣ በድምሩ 8 ሚሜ። ብላክ ቤይ ከወሰድክ ቲ-ፊት ያለውን ፈልግ።

ፍሬ ስታስቀንስ ግላይድሎኩን መሀል ላይ አድርገህ አስለካ፤ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ቦታ ይኖርሃል። ቀጭን አንጓ ላይ ፊቱ ላይ ከ6 ቁጥር ቦታ (ከታች) በኩል ብዙ፣ ከ12 ቁጥር ቦታ (ከላይ) በኩል ትንሽ መቀነስ መቆለፊያውን መሀል ያመጣዋል። ከሁለቱም ወገን እኩል ከተቀነሰ መቆለፊያው ወደ አንድ ጎን ይሄድና ጭንቅላቱን ይጎትተዋል። መቆለፊያው ራሱ ረጅምና የማይታጠፍ መሆኑንም እይ፤ እጅህን ገልብጠህ ከአንጓህ ስፋት እንዳላለፈ አረጋግጥ። ይህንን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ራስህ የምትሠራ ከሆነ የሮሌክስና የቱዶር ፍሬ የሚያዘው በብሎን ነው። ምላጩ 1.6 ሚሜ የሆነ ካቻቪቴ ያስፈልግሃል፤ የሰፋው ጎኑን ይፍቃል፣ የጠበበው ጉርጉዱን ይበላል። ብሎኑ ከፋብሪካ በማጣበቂያ የተያዘ ስለሆነ በፀጉር ማድረቂያ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቀው፣ ከዚያ ካቻቪቴውን ቀጥ አድርገህ በደንብ ተጭነህ አዙር። ሳይሞቅ የሚታገል ሰው ብሎኑን ይሰብራል። መልሰህ ስትገጥም ክሩ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ጠብታ ሎክታይት 222 (የብሎን ማጣበቂያ) በቂ ነው፣ ለ24 ሰዓት ተወው። ቀዩን ጠንካራ ሎክታይት አትንካ፣ ሁለተኛ አይፈታም።

መልስ፦ ጠላቂው

ስለ ውፍረት ማንም አላነሳም፤ እኔ ከስፋትም ከርዝመትም በላይ እሱን እፈራለሁ። የጥልቀት አቅም በውፍረት ነው የሚገዛው። ሰብማሪነር 300 ሜትር ይችላል፣ ውፍረቱ 12.5 ሚሜ ገደማ ነው። ባለ 43 ሚሜው የሮሌክስ ሲ-ድዌለር 1220 ሜትር ይችላል፣ 15 ሚሜ ገደማ ይሆናል። የሮሌክስ ዲፕሲው 3900 ሜትር ሲችል 44 ሚሜ ስፋትና ወደ 18 የሚጠጋ ውፍረት አለው፣ ክብደቱም ከ200 ግራም በላይ ነው። ወፍራም ሰዓት ጭንቅላቱ ስለሚከብድ እጅህን ባወዛወዝክ ቁጥር ይዞራል፣ ያንን ለማቆም ማሰሪያውን ታጠብቃለህ፣ ከዚያ ማታ ቆዳህ ላይ ምልክት ታገኛለህ። ብላንፓ ፊፍቲ ፋዘምስ ባለ 45 ሚሜው 15.5 ገደማ ውፍረት ስላለው «ድንቅ ነው፣ ግን አልችለውም» የሚል ሰው በዝቶ ኖሯል፤ ባለ 42.3 ሚሜው ሲመጣ የተደሰተውም ይኸው ሰው ነው።

የመዝናኛ ጠላቂ ወሰኑ 40 ሜትር ነው። ዓለም አቀፉ የጠላቂ ሰዓት መስፈርት አይኤስኦ 6425 የጠላቂ ሰዓት ለመባል የሚጠይቀውም ቢያንስ 100 ሜትር ነው። ስለዚህ ከ200 ወይም ከ300 በላይ ያለውን ጥልቀት በውፍረት አትክፈልበት። ብላክ ቤይ 58 ውፍረቱ 11.9 ሚሜ ነው፤ ሸሚዝ እጅጌ ስር ለሚገባ ሰዓት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክብደት የሚያስቸግርህ ከሆነ ደግሞ የቱዶርን ቲታኒየም ሰዓት ፔላጎስ 39 ሞክረው።

መልስ፦ ፀደይ

እኔ ደግሞ በአንድ ነገር ከሚሊሜትር ጋር አልስማማም። 48 ሚሜ አንጓህ ላይ ገባ ማለት ያምርብሃል ማለት አይደለም። መግባት የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ምቾት ከዚያ በታች ነው። 16.5 ሴንቲ ላይ ሦስተኛ ምርጫ ጨምር፦ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ብላክ ቤይ 54፣ ስፋቱ 37፣ ርዝመቱ 46፣ ውፍረቱ 11.2 ሚሜ፣ ቲ-ፊቱም አብሮት አለ። ወንድሜ፣ «37 የሴት ነው» የሚለውን ወሬ ከጭንቅላትህ አውጣው። ሱቅ ሄደህ ሦስቱንም እሰራቸው።

በስልክ ፎቶም አትፍረድ። ሌንሱ 20 ሴንቲ ላይ ሲጠጋ ወደ እሱ የቀረበውን ያገዝፋል፤ ሰዓቱ ከእጅህ የበለጠ ይቀርባልና የግድ ይተልቃል። እጅህን ወደ ጎን ጥለህ፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት ፊት አንድ ሜትር ተኩል ርቀህ ቁም። ሰው የሚያይህ እንዲህ ነው።

ጀማሪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለካሁ፦ የአንጓዬ ስፋት 52 ሚሜ ነው። 48ቱ ካርቶን በየጎኑ 2 ሚሜ ይተርፈዋል፣ 46ቱ ደግሞ 3። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሰብማሪነሩን ያገለገለ ብገዛ ልኩን በተመለከተ ምን ልፈትሽ?

ካቻቪቴ

ፍሬዎቹን ቁጠር። የቀድሞው ባለቤት አንጓው ቀጭን ከነበረ የተቀነሱት ፍሬዎች ጠፍተው ሊሆን ይችላል። ላንተ ማሰሪያው ይበቃሃል፤ ስትሸጠው ግን ወፍራም እጅ ያለው ገዢ ፍሬ ይጠይቅሃል፣ ዋጋህም በዚያ ይወርዳል። ስለዚህ ትርፍ ፍሬዎቹ ከሰዓቱ ጋር ካልመጡ ዋጋውን አሁኑኑ አስቀንስ። ከዚያ ጭንቅላቱን በአግድም ይዘህ ማሰሪያውን ወደ ጎን ልቀቀው፤ በጣም ከተንጋደደ ፍሬዎቹ ተበልተዋል። የተበላ ማሰሪያ ይረዝማል፣ ጭንቅላቱንም አጥብቆ አይዝም። ግላይድሎኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቦታ አስኪደው፤ የሚንሸራተት ጥርስ ካለ አትውሰደው። የብሎኖቹን ጉርጉድ በአጉሊ መነጽር እይ፤ ጠርዙ ከተገረፈ ሲስተካከልህ ሊበላሽ ይችላል።

ሚሊሜትር

52 ካለህ ሰብማሪነሩም ይቀመጥልሃል፣ ብላክ ቤይ 54ም ይመቸሃል። በአንድ ቀን ሁለቱንም እሰር፣ እያንዳንዱን ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ማሰሪያው ተሰብስቦ ተይዞ። መጀመሪያ ትንሹን እሰር። ትልቁን አስቀድመህ ካሰርክ ዓይንህ ይለምደውና ባለ 37ቱ የሕፃን ይመስልሃል።