ስታር ሲቲዝን አሁን ይገዛል ወይስ ይጠበቅ?

የካዛንቺስ_ልጅ
ሰላም ሰዎች። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለልደትህ ምን ልላክልህ ስትለኝ ስታር ሲቲዝን የሚባለውን የጠፈር ጌም አልኳት። ትንሿ መርከብ ያለችበት ጥቅል 45 ዶላር ነው። በብር ሲመታ ስንት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ ከኔ ኪስ አይወጣም። ኮምፒውተሬ 16 ጊጋ ራም አለው፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650፣ ዲስኩ ግን ያው የድሮው ሃርድ ዲስክ። ሰፈር የነበረው ጌም ቤት ከልማቱ ጋር ከፈረሰ ወዲህ የምጫወተው ቤቴ ነው። ታስገዛኝ ወይስ ሙሉው እስኪወጣ ልጠብቅ? ከፕላኔት ተነስቶ ያለ ምንም ሎዲንግ ጠፈር ሲገባ አይቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሸገር_ፓይለት
"ሙሉው እስኪወጣ" ኪኪኪ። ወንድሜ፣ ይሄ ጌም እኮ የ2005 ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነው! ይፋ የሆነው በ2005 መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ 2012 መሆኑ ነው። በነሱው አቆጣጠር በ2014 ትረከባላችሁ ተባለ። ቁጠባው፣ ማለትም ተጫዋቾች ያዋጡት፣ ከ800 ሚሊዮን ዶላር አልፏል፣ ዕጣው ግን አልወጣም። ለብቻ የሚጫወቱትን ክፍል፣ ስኳድሮን 42ን፣ ደግሞ እነ ማርክ ሃሚልና ጋሪ ኦልድማን ተውነውበት ቁጭ ብሏል፤ 2026 ብለዋል። እንግዲህ እናያለን።

ጠጋኙ_አራት_ኪሎ
ሸገር፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳያልቅ አትገባበትም፤ እዚህ ግን ገብተህ መኖር ትችላለህ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ። አራት ኪሎ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ሱቅ ስዘጋ ደግሞ ይሄንኑ እጫወታለሁ።

የካዛንቺሱ፣ መጀመሪያ ዲስክህን። ሎዲንግ የሌለው ለምን ይመስልሃል? አንተ ስትበር ፕላኔቱንም ከተማውንም ከዲስክ እየጎተተ ይጭነዋል። ሃርድ ዲስክ አይደርስለትም። በሩ ይከፈታል፣ ከበሩ ወዲያ ወለሉ ገና አልመጣም፣ አንተ ወደ ታች! 1650ዋ ከተማ ውስጥ ትንገታገታለች እንጂ ታስገባሃለች።

መዘግየቱን በተመለከተ፣ ባለቤቱ ክሪስ ሮበርትስ በ1990 ዊንግ ኮማንደር የሚባለውን የጠፈር ጌም ያወጣው ሰውዬ ነው። ኪክስታርተር በሚባለው የሕዝብ መዋጮ ድረ ገጽ ላይ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ ነው የተነሳው። ብሩ ሲጎርፍ ዕቅዱም አበጠ፣ 100 የኮከብ ሥርዓት (ኮከብ ከነፕላኔቶቹ) ተባለ። በ2024 መጨረሻ 4.0 የተባለው ስሪት ሲመጣ የተከፈተው ገና ሁለተኛው፣ ፓይሮ ነው። ሰው በዚህ ይስቃል፤ እኔ ግን የሚገርመኝ የሰርቨሩ፣ ጌሙን ለሁሉም የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሥራ ነው። ድሮ አንድ ሰርቨር 100 ሰው ይዞ ዓለሙን ሁሉ ብቻውን ይሸከም ነበር። ሲደክመው ሊፍቱ አይመጣም፣ ጠላትህም ተኩስ ረስቶ ቆሞ ያይሃል። 4.0 ላይ ዓለሙን ለብዙ ሰርቨሮች አከፋፈሉት። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ከነመርከብህ፣ ከነጭነትህ፣ ከሚያሳድድህ ሰው ጋር ሳታውቀው ትተላለፋለህ። አንዳንዴ ይሰናከላል፣ ቢሆንም ይሄን የሞከረ ሰው አከብራለሁ። የማላከብረው ሽያጩን ነው። በ2018 27,000 ዶላር የሚያወጣ የመርከብ ጥቅል አቅርበዋል! አብዛኞቹን መርከቦች እዛው ውስጥ ሠርተህ በጌሙ ገንዘብ መግዛት ትችላለህ፣ ስለዚህ ሁለተኛ መርከብ በዶላር እንዳትገዛ።

የአክስትህን ልጅ ኤስኤስዲ፣ ፈጣኑን ዲስክ፣ ላኪልኝ በላት። ጌሙን አብዛኛውን ጊዜ በግንቦትና በኅዳር ለተወሰኑ ቀናት በነፃ ይከፍቱታል፣ ያኔ ሞክረው። ጭነቱ ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ ቀደም ብለህ ማታ ማታ ማውረድ ጀምር።

ሜሪ_ኢቭ
ከዚህ ሁሉ ጣጣ ኢቭ ኦንላይን የሚባለው የጠፈር ጌም ግባ። አይስላንዶች የሠሩት ነው፣ ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ከ2016 ወዲህ በነፃ ይጀመራል፣ በደካማ ኮምፒውተርም ይሄዳል። መርከቧን በእጅህ አትነዳትም፣ ያ ይቀርብሃል። ውጊያው ሲበዛ ሰርቨሩ የጌሙን ጊዜ እስከ አንድ አስረኛ ስለሚያዘገየው፣ ለኛ ኢንተርኔት እንዲያውም ተመቸን። በ2014 አንድ ቡድን ጌሙ ውስጥ የያዘው ቦታ ክፍያ ሳይከፈል ቀርቶ ቦታው ለጠላት ክፍት ሆኖበት ከ7,500 በላይ ተጫዋቾች 21 ሰዓት ተዋጉ። ግብር በጊዜው ክፈሉ!

የካዛንቺስ_ልጅ
ጠጋኙ፣ ኤስኤስዲ ስላት "ለልደት ዲስክ?" ብላ ሳቀችብኝ፣ ግን እሺ ብላለች። ሜሪ፣ ኢቭን ዛሬ ማታ አወርደዋለሁ። 500 ጊጋ ይበቃኛል?

ጠጋኙ_አራት_ኪሎ
ዊንዶውሱም እዛው ላይ ስለሚጫን፣ ከቻለች 1 ቴራ ትላክ። ከመላኳ በፊት ግን ማዘርቦርድህ የኤም ዶት ቱ ማስገቢያ (ኤስኤስዲው ቀጥታ የሚሰካበት) እንዳለው እይ፤ ከሌለው በገመድ የሚያያዘውን ሳታ ነው የምትገዛው። ሞዴሉን እዚህ ጻፍልኝ።