ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ ዘንጉ አንድ ጫፉ እየወፈረ ይወጣብኛል፣ ነገ ጠዋት ፈተና ነው!!

አቤል ዘልደታ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ የብረት ሥራ እየተማርኩ ነው። 25 ሚሊ ዘንግ እሠራለሁ፤ አንዱ ጫፍ 25.00 ሲሆን ሌላው 25.08 ይመጣል። ሥዕሉ ላይ የተፈቀደው የመጠን ልዩነት ኤች7 ነው የሚለው። ማሽኑ ያረጀ ስለሆነ አልጋው፣ ማለት ቱል መያዣው የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ የተበላ ይመስለኛል። ወርክሾፑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ምን ላድርግ?

ብረት ለበስ፦
ቱሉን (ብረት የሚቆርጠውን ስለት) ቀይረው። የደነዘዘ ቱል ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ጋሽ ሞረድ፦
ልጄ፣ የዛሬ ተማሪ ማሽን ላይ ለመውጣት ይቸኩላል። እኛ ተግባረ ዕድ ስንማር ሞረድ ይዘን አንድ ብረት ቀጥ እስኪል ድረስ ነበር የምንቆመው። እጅ መለካት የሚማረው እዚያ ነው። ለመሆኑ በምን ለካኸው? በካሊፐር ከሆነ ቁጥሩን አትመነው። በትንሿ ፊደል የምትጻፈው ኤች7 ለ25 ሚሊ ዘንግ ከ25.000 እስከ 24.979 ብቻ ነው የምትፈቅደው። ማይክሮሜትር ያዝ፣ ብረቱም ይብረድ፤ ትኩስ ብረት ወፍሮ ነው የሚለካው።

አቤል ዘልደታ፦
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። በማይክሮሜትር ነው የለካሁት፣ በርዶም ያው ነው።

የመርካቶዋ፦
እንጨት ብትማር ኖሮ 0.08 ማንም አይጠይቅህም ነበር 😄 ለማንኛውም የወፈረው የት በኩል ነው? ቻክ (ብረቱን ይዞ የሚያሽከረክረው) ወይስ ቴልስቶክ (ሌላውን ጫፍ የሚደግፈው)? በሴንተር፣ በሹሉ መደገፊያ፣ ደግፈኸዋል?

አቤል ዘልደታ፦
ቴልስቶክ በኩል። አዎ፣ በሴንተር ተደግፏል።

ብረት ለበስ፦
ቱሉን ቀይረው አልኩህ እኮ። ካልሆነ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አውርደው።

የመርካቶዋ፦
በሞረድ እንዳትነካው! የሞረድ ምልክት ፈታኙ ወዲያው ያየዋል፤ በዚያ ላይ የሚሽከረከር ብረት እጅጌ ይዞ ይጎትታል።
አልጋው ተበልቷል ያልከውንም አልቀበልም። አልጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ሥራ የሚበዛበት ቻክ አጠገብ ነው። ብረቱ እየታጠፈ ቢሆን ደግሞ መሃሉ ነበር የሚወፍረው። ያንተ ቴልስቶኩ ከመስመር ወጥቶ ነው። ትርፍ ብረት ላይ በሁለቱም ጫፍ ጠባብ ቀለበት ተው፣ መሃሉን ዝቅ አድርገው፣ ከዚያ ክሮስ ስላይዱን (ቱሉን ወደ ብረቱ የሚያስጠጋውን) ሳትነካ ሁለቱንም ቀለበት በአንድ መስመር ቁረጥና ለካ። ልዩነቱ 0.08 ከሆነ ቴልስቶኩን ግማሹን፣ 0.04 ወደ ራስህ አምጣ። ማሰሪያውን አላላ፣ በጎን ብሎኖቹ ግፋው፣ ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) አስደግፈህ እያየህ። ስታጠብቀው ስለሚሸሽ ካሰርክ በኋላ ጌጁን እንደገና እይ።

አቤል ዘልደታ፦
ዳያል ጌጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘው መምህር ወጥቷል 😭

ጋሽ ሞረድ፦
ያለ ጌጅም ይሆናል። ከቴልስቶኩ በሚወጣው ክብ ዘንግና በቱል መያዣው መካከል ቀጭን ወረቀት አስገባ፤ ወረቀቱ ሲያዝ የክሮስ ስላይዱን ቁጥር ጻፍ። አሁን ወደ ራስህ በደንብ አውጣው፣ ተመልሰህ ከጻፍከው 0.04 ሲቀርህ ቁም። በቴልስቶኩ ብሎን ዘንጉን ወረቀቱ እስኪያዝ ድረስ አምጣው። ክሮስ ስላይዱን ወደ ፊት እየገፋህ እንጂ እያወጣህ አትቁም፣ የእሱ ብሎን ክፍተት አለው። ቁጥሩ በዲያሜትር የሚያነብ ማሽን ከሆነ ደግሞ 0.08 ነው የምትቆጥረው። ይሄን ሳታጣራ እንዳትጀምር ልጄ።

አቤል ዘልደታ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እየገባሁ ነው።

የመርካቶዋ፦
መጨረሻ ላይ 0.2 ሚሊ ያህል አስቀርተህ በቀጭን ቆረጣ ጨርስ። ፎቶ ላክልን።

ብረት ለበስ፦
ቱሉም ይቀየር ግን።

የመርካቶዋ፦
አቤል፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?

ሀብታሙ ፒያሳ፦
እኔም ጋ እንደዚሁ ነው፤ የሚወፍረው ግን ቻክ በኩል ነው። ቴልስቶኩን ወደ ሌላኛው ጎን ልግፋው ወይስ ይሄ አልጋው ነው?