ስሊቭ ተሠርቶልኝ አሁን ሌላ ቀዶ ሕክምና ታዘዘልኝ፤ ሁለተኛ ሐኪም እንዴት ላማክር?

ወለተ ሥላሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 39፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እዚሁ ሜሪላንድ ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንስ የውፍረት ቀዶ ሕክምና) ተሠርቼ ከ118 ኪሎ ወደ 79 ወርጄ ነበር፤ አሁን 97 ነኝ። ከኪሎው የባሰው ቃሩ ነው። የአሲድ መቀነሻውን ፓንቶፕራዞል 40 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ እየወሰድኩ እንኳ ሌሊት መራራ ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም። ሐኪሙ «ሳዲ» የሚባለውን እንሥራ፣ ስሊቩ እንዳለ ሆኖ የአንጀቱን መንገድ እናሳጥራለን ብሎኛል፤ ቀጠሮው ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። ሌሎች ደግሞ ላንቺ ባይፓስ ነው ይሉኛል። ኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ ጨጓራን ማየት) የታየልኝ ከስሊቩ በፊት ብቻ ነው። ሐኪሙ ሳይቀየመኝ፣ ቀጠሮዬም ሳይሰረዝ ሌላ ሐኪም ማማከር እፈልጋለሁ። ምን ይዤ ልሂድ? ምን ልጠይቅ? ኢንሹራንስስ ይከፍላል? ጾመኛም ነኝ፤ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ንገሩኝ።

ነርስ ቲጂ

እህቴ፣ ሐኪም ከመፈለግሽ በፊት አንድ ነገር ለዪ። ያለብሽ ሁለት ችግር ነው፤ ቃሩ አንድ፣ የተመለሰው ኪሎ ሁለት። የሚወስዱት ወደተለያየ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሰው የሚምታታውም እዚህ ላይ ነው።

በስሊቭ ጊዜ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ ይቀራል። ፓይሎረስ የሚሉት የጨጓራው መውጫ ከታች እንዳለ ስለሚቆይ ቱቦው ውስጥ ግፊት ይበረታል፤ አሲዱም የሚቀልለው ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ሳዲ ይህን ቱቦ አይነካውም። ከፓይሎረሱ ዝቅ ብለው ዱዎደነሙን (የትንሹን አንጀት መጀመሪያ) ይቆርጡና፣ ከትልቁ አንጀት ወደ ኋላ 250 ወይም 300 ሳንቲሜትር ቆጥረው እዚያ ላይ ይሰፉታል። ምግብ ከሐሞቱና ከቆሽቱ ፈሳሽ ጋር ተገናኝቶ የሚመጠጥበት መንገድ ስለሚያጥር ኪሎ በደንብ ይቀንሳል። ቱቦውና ግፊቱ ግን እዚያው ናቸው፤ ቃሩ ሊቀጥል፣ ሊብስም ይችላል።

ባይፓስ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ከላይ ትቀራለች፤ አንጀት ወደ ላይ ተስቦ እሷ ላይ ይሰፋል። የቀረው ጨጓራ ከምግብ መንገድ ይወጣል፣ ሐሞቱም ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 150 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው ከምግቡ የሚገናኘው። ለቃር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ደካማ ጎኑ፣ ከስሊቭ ወደ ባይፓስ ሲዞር የሚቀነሰው ተጨማሪ ኪሎ ብዙ ጊዜ መጠነኛ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ሳዲ ይሻላል ወይስ ባይፓስ?» አይሁን። «ይሄን ቀዶ ሕክምና የምንሠራው ለየትኛው ችግሬ ነው? ሌላውስ ችግሬ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል?» በይው። እንዳንቺ ሌሊት ሌሊት አሲድ የሚመለስበት ሰው ላይ ስሊቩን ትቶ ሳዲ መሥራት በቂ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል። ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ግን በምርመራ የተደገፈ ይሁን።

ጨጓራ ክፍል

ቲጂ ያለችው ልክ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ኢንዶስኮፒው ነው። ከስሊቭ በፊት የታየ ኢንዶስኮፒ ስለ አሁኑ ጨጓራሽ ምንም አይናገርም። አዲስ ምርመራ ሳይኖር ሁለተኛም ሦስተኛም ሐኪም ቢታይ አስተያየቱ ግምት ነው። ሦስት ምርመራ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ኢንዶስኮፒ። ሪፖርቱ ላይ እነዚህ መጻፋቸውን እዪ፦ የምግብ ቧንቧው ቁስለት በሎስ አንጀለስ ደረጃ ስንት ነው (ከኤ እስከ ዲ ነው፤ ዲ የከፋው)፤ ሃያታል ሄርኒያ (ጨጓራው ወደ ደረት ሾልኮ መውጣቱ) አለ ወይ፣ ካለስ ስንት ሳንቲሜትር፤ ባሬት የሚባለው የቧንቧ ሽፋን ለውጥ አለ ወይ፣ ናሙናስ ተወስዷል ወይ፤ ቱቦው ወገቡ ላይ ጠብቧል ወይ ተጠማዟል ወይ። ባሬት ከተገኘ ክርክሩ በአብዛኛው ያበቃል፤ ሚዛኑ ወደ ባይፓስ ያደላል።

ሁለተኛ፣ ቆመሽ ባሪየም (በራጅ የሚታይ ፈሳሽ) እየጠጣሽ የሚነሳው ራጅ። ጨጓራው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጥበት ካለ፣ ከጥበቱ በላይ ያለው ክፍል እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ከታች ያለው እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ይሄ ከተገኘ አንዳንዴ በኢንዶስኮፒ በባሉን ማስፋት ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ አንጀት መነካትም ላያስፈልገው ይችላል። ራጅ የሚያነበው ሐኪም «ፈሳሹ ያልፋል፣ የሚያፈስ ነገር የለም» ብሎ ሊዘጋው ስለሚችል፣ ቀዳጁ ሐኪም ምስሉን ራሱ ይየው፤ ወረቀቱን ብቻ አይቶ አይወስን።

ሦስተኛ፣ የአሲድ መለኪያው፣ ፒኤች የሚሉት። አሲድ ቧንቧው ውስጥ የቆየበት ጊዜ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ሪፍላክሱ (የአሲዱ ወደ ላይ መመለስ) ተረጋገጠ፤ ከ4 በመቶ በታች ከሆነ ስሜቱ ከሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አብሮ የቧንቧውን ጡንቻ ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ቢሠራ ጥሩ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዝግጅቱ ነው። ሪፍላክሱ ገና ለማረጋገጥ ከሆነ ለፒኤች ምርመራው ፓንቶፕራዞል ለ7 ቀን ያህል ይቆማል። ሄሊኮባክተር ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ደግሞ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ወስደሽ ከነበረ 4 ሳምንት። መድኃኒቱን እየወሰዱ መመርመር ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊያሰኝ ይችላል። ግን ቀኑን የሚወስንልሽ ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም ነው፤ ራስሽ አታቁሚ። ሄሊኮባክተር በሀገራችን ሰው በጣም የተለመደ ስለሆነ አትዝለዪው፤ ከባይፓስ በኋላ የቀረው ጨጓራ በተለመደው ኢንዶስኮፒ አይደረስበትም፣ መታከም ያለበት አስቀድሞ ነው።

አቤል ዘ ቨርጂኒያ

ለምን ሚኒ ባይፓስ አትሠራም? አንድ ስፌት ብቻ ስለሆነ ይቀላል፣ ኪሎም በደንብ ይቀንሳል ይላሉ።

ጨጓራ ክፍል

አቤል፣ ለሷ አይሆንም ባልልም የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ሚኒ ባይፓስ ላይ ከ150 እስከ 200 ሳንቲሜትር የሚሆን ሐሞት ተሸካሚ አንጀት ይታለፍና በአንድ ስፌት ከጨጓራው ቱቦ ጋር ይገናኛል፤ ሐሞቱ ከቱቦው ሥር ነው የሚያልፈው። ቀድሞ ሪፍላክስ ያለበት ሰው ላይ አሲዱን ትቶ የሐሞት ቃር ማምጣት አለ። ለሐሞት ደግሞ ፓንቶፕራዞል አያገለግልም።

ቤዛ ቢሊንግ

የወረቀቱን ነገር ልንገርሽ። የምትሰበስቢው፦ የ2019ኙ የቀዶ ሕክምና ሪፖርት፣ የወጣው ጨጓራ የፓቶሎጂ (የላቦራቶሪ ናሙና ምርመራ) ውጤት፣ ከዚያ ወዲህ የነበረሽ ኪሎ በየዓመቱ፣ የደም ምርመራዎች፣ የመድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ፣ እና የአሁኑ ሐኪም ሳዲን ያዘዘበት ማስታወሻ። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ፤ ጨጓራው ሲቆረጥ ለመለኪያ የገባው ቱቦ ስፋት (ብዙ ጊዜ ፍሬንች በሚባለው መለኪያ ከ36 እስከ 40 ነው) እና ሄርኒያ ተገኝቶ ተሰፍቶ እንደሆነ። ኢንዶስኮፒና ባሪየም ሲሠራልሽ ምስሉን በሲዲ ጠይቂ። የመውጫ ማጠቃለያው ወረቀት የቀዶ ሕክምና ሪፖርት አይደለም፤ ሪሴፕሽን ላይ እሱን ሰጥተው ይሸኙሻል፣ እንዳትሞኚ። ሂፓ በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና መረጃ ሕግ በጽሑፍ ከጠየቅሽ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጡሽ ይገባል። ስድስት ሳምንት ነው ያለሽ፣ ዛሬ ጠይቂ።

ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ለሁለተኛ አስተያየት ይከፍላሉ። የኢንሹራንስሽ ዓይነት ኤችኤምኦ ከሆነ ከቤተሰብ ሐኪምሽ ሪፈራል ያስፈልግሻል፤ ፒፒኦ ከሆነ በኔትወርካቸው ውስጥ ያለ ቀዳጅ ጋ በቀጥታ መሄድ ትችያለሽ። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ስልክ ደውለሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የውፍረት ቀዶ ሕክምና በፖሊሲዬ ይሸፈናል? «በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ገደብ አለው? ከቀድሞው ቀዶ ሕክምና ለመጣ ችግር የሚደረግ ማስተካከያስ በዚያ ገደብ ይቆጠራል? ሦስተኛው ወሳኝ ነው። «ኪሎዋ ተመለሰ» ተብሎ የቀረበ ጥያቄ ውድቅ የመደረግ ዕድሉ «ከስሊቩ የመጣ ከባድ ሪፍላክስ፣ በኢንዶስኮፒና በፒኤች የተረጋገጠ» ተብሎ ከቀረበው ይበልጣል። ቢኤምአይሽ (ኪሎሽ ከቁመትሽ አንጻር ሲለካ) 36 ገደማ ነው። በ2022 የወጣው የሐኪሞቹ ማኅበራት መመሪያ 35 እና በላይ ከሆነ ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም ይመክራል፤ ብዙ ኢንሹራንስ ግን አሁንም በ1991ዱ መስፈርት፣ 40 ወይም 35 ከተጓዳኝ በሽታ ጋር፣ ነው የሚሄደው።

ደግሞ ቅድመ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ የቀዶ ሕክምና ዓይነት ነው። ለሳዲ የወጣ ፈቃድ ለባይፓስ አይሆንም፣ እንደገና ይጀመራል። አስተርጓሚ ከፈለግሽ ቀጠሮ ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ብለሽ አስመዝግቢ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ስለ ስፌትና ስለ ሊክ (ስፌቱ ሲያፈስ) ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ።

ወለተ ሥላሴ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐኪሙ ግን ምን ብዬ ልንገረው? ሲበዛ ጥሩ ሰው ነው፣ ያሳፍረኛል።

ነርስ ቲጂ

ምንም የሚያሳፍር የለውም፤ ለነሱ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በክሊኒኩ የኦንላይን መልእክት መላኪያ (ፖርታል) እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በፊት የሌላ ቀዳጅ አስተያየት ማግኘት እፈልጋለሁ። ቀጠሮዬን አልሰረዝኩም። ሪከርዴ ይላክልኝ፤ ኢንዶስኮፒና ባሪየምም እንዲታዘዝልኝ እጠይቃለሁ።» በቃ። ምርመራውን እሱ ቢያዝልሽ ጊዜ ታተርፊያለሽ። ውጤቱ ካልደረሰ ቀኑን ራስሽ አስገፊ፤ ይሄ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና አይደለም።

ሁለተኛውን ሐኪም ስትመርጪ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ክሊኒክ የሚሠራ አይሁን። ባይፓስም፣ ሳዲም፣ ዱዎደናል ስዊችም (ሳዲ የዚሁ ዓይነት ነው) የሚሠራ ይሁን፤ ባይፓስ ብቻ የሚሠራ ሐኪም ባይፓስ ይልሻል፣ ምን ይበል? ሆስፒታሉ ኤምቢኤስኤኪውአይፒ የሚባለው የውፍረት ቀዶ ሕክምና ዕውቅና እንዳለው አረጋግጪ። «በዓመት ስንት ሰው ከስሊቭ ወደ ሌላ ትቀይራለህ? ሊክ፣ ደም መፍሰስ፣ ወደ ሆስፒታል መመለስ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የበለጠ አደጋ አለው፤ የድሮው መስፊያ ዙሪያ ጠባሳ አለ፣ የደም ሥሩም ተነክቷል። ቁጥሩን የማይነግርሽን ተጠራጠሪ።

የመጀመሪያውን ሐኪም ሐሳብ ቀድመሽ አትንገሪው፤ ሳዲን ያዘዘበትን ማስታወሻም ኋላ ላይ ስጪው። ምርመራውን አይቶ የራሱን ይበል፤ ከዚያ «ሳዲ ተብዬ ነበር» በይ። ሁለቱ ካልተስማሙ እርስ በርስ እንዲደዋወሉ ጠይቂ።

የኪሎ መቀነሻ መርፌዎቹንም አንሺለት፤ ዌጎቪ ወይም ዜፕባውንድ። ችግሩ ኪሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከቀዶ ሕክምና በፊት መሞከራቸው ምክንያታዊ ነበር። ጨጓራ ቶሎ እንዳይፈስ ስለሚያደርጉ ግን ቃርን ሊያብሱ ይችላሉ። እየወሰድሽ ከሆነ ለሰመመን ሐኪሙ መናገር ግዴታ ነው።

ሳራ ዳይቲሽያን

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰልሽም፤ ለውጥ ያመጣል፣ ብዙ። ከባይፓስ በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይፈለጋል፤ እንደ ሳዲ ባሉት ደግሞ 90 ገደማና ከዚያ በላይ ይታዘዛል፣ መመጠጡ ስለሚቀንስ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ነው፤ በትንሽ ጨጓራ አምስት ኩባያ ምስር አይበላም። እንጀራው ቀድሞ ቦታውን ይይዛል፣ ወጡ ይተርፋል። በጾም ቀን የሚያዋጣው የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት ነው፤ በአንድ ማንኪያው ከ20 እስከ 25 ግራም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ መቆየት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አይታሰብም፤ ውሃ ማነስ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ዋነኞቹ አንዱ ነው። የንስሐ አባትሽን ከአሁኑ አማክሪ፣ ለታመመ ይፈቅዳሉ።

ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። ለባይፓስ፦ ካልሲየም ሲትሬት ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ተከፋፍሎ፣ በወር አበባ ዕድሜ ላለች ሴት አይረን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ዲ 3000 ዩኒት፣ ቢ12 ከ350 እስከ 1000 ማይክሮግራም። ለዱዎደናል ስዊች ዓይነቶቹ ካልሲየሙ ከ1800 እስከ 2400 ይወጣል፤ ቫይታሚን ኤ፣ ኢ እና ኬም ይጨመራሉ። አይረንና ካልሲየምን በ2 ሰዓት አራርቂ። «ጤፍ አይረን አለው» ብለሽ አትዘናጊ፤ አይረን በዋናነት የሚመጠጥበት የአንጀት መጀመሪያ በሁለቱም ቀዶ ሕክምና ይታለፋል። ክኒን ረስቶ ደም ምርመራም የሚዘል ሰው ለሳዲ አይሆንም። ይሄንንም ለሁለተኛው ሐኪም በግልጽ ንገሪው፤ ቪታሚን የምትወስጂው በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ፣ ሦስት ቀን በይው። ከባይፓስ በኋላ አይቡፕሮፌንና ሲጋራ ክልክል ናቸው፣ ስፌቱ ላይ ቁስል ያወጣሉ።

ዜድ ከዱባይ

ጥያቄዋን ላስታክክ። ስሊቩ ኢስታንቡል ተሠርቶ ሪፖርቱ ባይገኝስ?

ቤዛ ቢሊንግ

መጀመሪያ ለሆስፒታሉ፣ ላገናኘው ወኪል ሳይሆን፣ በኢሜይል የቀዶ ሕክምና ሪፖርቱንና ፓቶሎጂውን በፓስፖርት ቁጥርና በተሠራበት ቀን ጠይቅ። በቱርክኛ ቢመጣም ይላክ፣ ይተረጎማል።

ጨጓራ ክፍል

ካልተገኘ ኢንዶስኮፒ፣ ባሪየምና ሲቲ ስካን ይተካሉ፤ የቱቦውን ቅርጽ፣ ላይኛው ክፍል ተርፎ እንደሆነና ሄርኒያውን ያሳያሉ። ቀዳጁ ግን ውስጥ ገብቶ ዕቅዱን ሊቀይር እንደሚችል አስቀድሞ ማስፈረም አለበት።

ወለተ ሥላሴ፣ ላንቺ ደግሞ አንድ ነገር። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ምግብ ጉሮሮ ላይ መቆም ወይም ፈሳሽ እንኳ አልረጋ ማለት ከመጣ ሁለተኛ አስተያየት አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ለቀናት ስታስታውኪ ከቆየሽና እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ «ስሊቭ ተሠርቻለሁ፣ ከግሉኮሱ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ስጡኝ» በያቸው።