ቆጠራ መሃል ስልክ ጮኸ፣ ጎዝ ጎደለ! ለነገ ምን ላድርግ?

ስክራቧ፦ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገ ጠዋት 3 ኬዝ (ቀዶ ጥገና) አለን። ዛሬ ሆድ ልንዘጋ ስንል ጎዝ (ደም መምጠጫውን ጨርቅ) እየቆጠርን የሰርጅኑ፣ የቀዶ ሐኪሙ፣ ስልክ ጮኸ። ሰርኩሌተሯ (አብራኝ የምትቆጥረው ዕቃ አቀባይ ነርስ) ልታነሳላቸው ሄደች። ስትመለስ «ስንት ላይ ነበርን?» አለች። ቀጠልን፣ አንድ ጎደለ። ስልኩን እንዴት ብዬ ላስቀር? አለቃዬ ናቸው።

ጓንት7ተኩል፦ ጎዙ ተገኘ ወይ?! ዋናውን ትተሽ!

ዝምተኛው፦ ሳይለንት ያድርጉት።

የኔታ፦ እህቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ጥገና ደህንነት ዝርዝር አውጥቷል። ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመከፈቱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ተብሎ ይነበባል። የጎዝ ቆጠራ ሦስተኛው ላይ አለ። በ8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። እናንተ ጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሆናል፣ ግን ማን ያነበዋል? እኛ ስንማር...

ጓንት7ተኩል፦ የኔታ፣ ልጅቷ ነገ ኬዝ አላት 😂

ሞጋች፦ ስልኩን አትውቀሱ። ድንገተኛ ጥሪ በምን ይምጣ? ጥፋቱ ካቆማችሁበት መቀጠላችሁ ነው። ቆጠራ ከተቋረጠ ያንኑ ዓይነት ዕቃ ከአንድ መጀመር ነው። ሁለታችሁም እያያችሁ፣ ጮክ ብላችሁ።

ዝምተኛው፦ ሳይለንት።

ማደንዘዣ፦ ሳይለንትማ የብረት ትሪ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከጥሪው ይብሳል፤ አንዴ የታካሚው ሞኒተር ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ዘልያለሁ። አብራሪዎች ከ10,000 ጫማ በታች ከበረራው ውጪ ወሬ አይፈቀድላቸውም። እኛም ታካሚ ሲተኛ፣ ሲነቃና ሲቆጠር እንዲሁ እናደርጋለን። አንድ ሰው «ቆጠራ!» ይላል፤ ሙዚቃ ይጠፋል፣ በር አይከፈትም። ለሰርጅኑ ደግሞ «ስልክ ይዝጉ» አትበዪ። እጃቸውን ከመታጠባቸው በፊት «ስልክዎን ማን ይያዝልዎ?» በያቸው። ያዡ ከቆጠራው ውጪ ያለ ሰው ይሁን። አስቸኳይ ከሆነ ብቻ ይነግራቸዋል።

ስክራቧ፦ ይቅርታ፣ ጎዙ ተገኝቷል። ድሬፑ (ታካሚው የተሸፈነበት ጨርቅ) እጥፋት ውስጥ ነበር። ኤክስሬይ ልንጠራ ስንል ነው የወጣው። «ማን ይያዝልዎ» ያልከውን ነገ እሞክራለሁ።

ሞጋች፦ ከአንድ መጀመሩንም!

ጓንት7ተኩል፦ ስክራቧ፣ እንዴት ሆነ? ሦስት ቀን አለፈ እኮ።

ዝምተኛው፦ ስልኳን ሳይለንት አድርጋው ይሆናል።