ደሴ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ከ60 ዓመት በኋላ የልብ ወዳጅ እንዴት ይያዛል?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ

ወሎ ተቀምጬ ሰው አጣሁ ብል ማን ያምነኛል? ሸዋ በር ካለው ቤቴ ወጥቼ ዳቦ ቤት እስክደርስ ሰላምታ ስመልስ ነው የምሄደው። ዕድር አለኝ፤ ብሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ጥያቄዬ ግን ስለ ቀብሬ ሳይሆን ስለ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቼ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጅዳ ናቸው። ሆዴን የምገልጥላት ጎረቤቴ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቿ ዘንድ ሄዳ በዚያው ቀረች። እንደዋወላለን፤ የስልክ ወሬ ግን ጤና ተጠያይቆ ያልቃል። ቡና አፍልቼ ስጠራ ጎረቤቶቼ ይመጣሉ። አቦልና ቶናውን ስለ ጤፍ ዋጋ፣ በረካውን ስለ ሰው ሠርግ እናወራና ተመራርቀን እንለያያለን። በዚህ ዕድሜ አዲስ ወዳጅ የያዛችሁ እንዴት ያዛችሁ? «ቤተ ክርስቲያን ሂጂ» ልትሉኝ ለምታስቡ፣ እሄዳለሁ፤ ሰንበቴም አለኝ።

ከኮምቦልቻ

አብሽሩ እትዬ። እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመካኒክነት ነው። ወዳጅ ያገኘሁት በባቲ መንገድ ላይ ነው። አንድ ጎረቤቴ ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ይወርዳል። እሱ የሚገዛው ነገር አለው፤ እኔ የለኝም፤ ሥራ ስለፈታሁ ብቻ አብሬው ሄድኩ። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሆዱን አይገልጥም፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ ግን ይናገራል። ገርባ ሳንደርስ ስለ ልጁ የማላውቀውን ነገር አጫወተኝ። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ እስላም። ሥጋ ቤታችን ይለያያል እንጂ ወሬያችን አንድ ነው።

ወጣት መምህር፣ ከደሴ

እ.ኤ.አ. በ2018 የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ያሳተሙትን ጥናት ላካፍልዎ። ከትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90፣ ወደ ቅርብ ወዳጅነት ከ200 በላይ ሰዓት አብሮ ማሳለፍ ያስፈልጋል ይላሉ። በሥራ ግዴታ አብሮ የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ ያን ያህል አያቀራርብም። ጥናቱ የአሜሪካውያን ነው፤ ቢሆንም በሳምንት አንድ ቀን የሁለት ሰዓት ቡና ቢጠጡ ሁለት ዓመት ይወስዳል ማለት ነው።

ጠያቂዋ

ስሌትህ ልክ ነው ልጄ። ነገር ግን ቡናው ላይ አምስት ሴቶች ካሉ ሰዓቱ ለአምስት አይካፈልም?

ከሐይቅ

ይካፈላል እንጂ! እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ጋ የሚመጣ ሰው ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቁርሱ ቀርቦ ይጠብቀዋል። በልቶ መርቆ ከመሄድ ሌላ ምን ያድርግ? እኔ የዓይን ሞራ ተገፍፌ በቀን ብዙ ጊዜ ጠብታ የሚያደርግልኝ ሰው ቸግሮኝ ነበር። አጥር የምትጋራኝን ሴት ለመንኳት፤ ከዚያ በፊት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። አልጋዬ ሳይነጠፍ፣ ጸጉሬ ሳይጎነጎን፣ ስነጫነጭ ሁሉ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ምን እደብቃታለሁ? ዓይኔ ከዳነም ወዲህ ሳታንኳኳ ነው የምትገባው፤ አንዳንዴ ያናድደኛል። ከአምስቱ አንዷን ይምረጡና የሚቸግርዎትን ነገር ያስቸግሯት።

ጠያቂዋ

ሰው ማስቸገር አልወድም፤ እናቴም እንደዚሁ ነበረች። የባቲው መንገድ ግን ልቤ ገብቷል። ከቡና ጎረቤቶቼ አንዷ የሐይቅ ዓሣ አምሯት ሰንብታለች። ቅዳሜ አብረን እንሂድ እላታለሁ፤ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ዘንቢሉን እሷ ትያዝ። የሐይቋ እህቴ፣ ዓሣው የሚገኘው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?