የይምርሃነ ክርስቶስ ግድግዳ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ረድፍ ምንድን ነው?

ተጓዡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላሊበላ ሄደን በዚያው ይምርሃነ ክርስቶስን አየነው። ዋሻ ውስጥ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ማለቴ ነው። ግድግዳው አንዴ ጥቁር አንዴ ነጭ እያለ እስከ ላይ ይወጣል። ለውበት የተቀባ ነው ወይስ ሥራ አለው? ውስጡ ደግሞ ጨለማ ስለሆነ ሥዕሎቹን በቅጡ አላየኋቸውም።

አናጺ ነኝ፦
ኧረ ቀለም አይደለም! ጥቁሩ እንጨት ነው፣ ነጩ የተለሰነ ድንጋይ። የአክሱም ዘመን አሠራር ነው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዛጉዌዎቹም ቀጥለውበታል። አግድም የተጋደመው እንጨት ግንቡን እንደ መቀነት አስሮ ይይዘዋል። ጠጋ ብለህ ብታይ ረድፎቹ እኩል አይደሉም፣ አንዱ ገባ አንዱ ወጣ ይላል።

ሰላማዊት፦
የዝንጀሮ ራስ የሚሉት ይሄን ነው እንዴ?

አናጺ ነኝ፦
እሱ ሌላ ነው እህቴ። ግድግዳውን አቋርጦ የሚገባው አጭር እንጨት ጫፉ ወደ ውጭ ብቅ ሲል ነው የዝንጀሮ ራስ የሚባለው። ደብረ ዳሞ ላይ አፍጥጦ ይታያል። አክሱም ሐውልቶቹ ላይ ደግሞ ያንኑ የእንጨት ጫፍ ድንጋይ ላይ ቀርጸውታል።
እኔን የሚገርመኝ ግን ላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ነው። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤት ማሰሪያ እንጨት ምን ያደርግለታል? ምንም። ጠራቢዎቹ ግን ያንን ገባ ወጣ ያለ ረድፍ አንድ በአንድ አለቱ ላይ አወጡት። ቤተ ክርስቲያን ማለት እንዲህ የሚመስል ነው ብለው መሆን አለበት፣ በበኩሌ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

የቅኔው ልጅ፦
ስለ ሥዕሉ እኔ ልመልስ። የይምርሃነ ክርስቶስ የግድግዳ ሥዕሎች በአገራችን እስከ ዛሬ ከቆዩት እጅግ ጥንታዊዎቹ ውስጥ ናቸው። ዋሻው ዝናቡንም ፀሐዩንም ስለከለከለላቸው ሥዕሉም እንጨቱም ይህን ያህል ዘመን እንዲሻገሩ ረድቷቸዋል። ሰው ግን ቅዱሳኑን ብቻ ሲፈልግ ጣሪያውን ሳያይ ይወጣል። ያ ክፍልፍል ያለ የእንጨት ጣሪያ፣ በመስቀልና በሐረግ ያጌጠው፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በሚቀጥለው ባትሪ ያዝ። መጀመሪያ ካህናቱን አስፈቅድ፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ቆይ፣ ፎቶም ከተፈቀደልህ ፍላሹን አጥፋው።