የእናቴን አርባ እንዴት ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ ካረፈች ዛሬ 29 ቀኗ ነው። 30 ዓመት ያስቀደሰችው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ደብር ነው፤ የቀብሯ ፍትሐትም እዚያው ተደረገ። ሰልስቷ እስኪወጣ ካህናቱ አልተለዩንም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አሁን ግን ጨንቆኛል። ሰፈራችን ፈርሶ እድሩ ተበትኗል። የንስሐ አባቷ ታመው አገር ቤት ናቸው። ወንድሜ ድንኳን ተክለን ዘመድ እናብላ ይላል። እሷ ግን ሁሌም «ለነዳያን አብሉልኝ» ነበር የምትለው።

የሰበካ ጉባኤ ደብተሯ በነጠላዋ እንደተጠቀለለ እጄ ላይ ነው፤ የዘንድሮውን ሳይቀር ከፍላለች። የአርባውን ፍትሐት ለማስያዝ ማንን ላናግር? የክርስትና ስሟን ብቻ ይዤ ብሄድ ይበቃል? በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነዳያን ያበላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። 11 ቀን ነው የቀረኝ።